ቍልፉ ከተዘጋ በኋላ

ከወንድሙ ጋር በርስት የተጣላ አንድ አዛውንት በአስታራቂዎች ፊት «ይቅር ብያለሁ» ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከደጁ ደርሶ የአሮጌ ቮልስዋገኑን ቍልፍ ቢዘጋ ሞተሩ እየተንገጫገጨ መሥራቱን አላቋረጠም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ ቍልፉ የሚያቋርጠው የካንዴላውን ብልጭታ ብቻ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ የተጠራቀመው ጥላሸት ግን እንደ ፍም ግሎ ይቈያል፤ ፒስተኑም ከካርቡራቶሩ ቤንዚን መሳቡን ስለማይተው፥ ቤንዚኑ ያለ ብልጭታ ይቀጣጠላል። ሚኒሞው ከፍ ያለ፥ ሞተሩም ከመጠን በላይ የጋለ እንደ ሆነ ይብሳል።

አዛውንቱ ማርሽ አስገብቶ፥ ፍሬኑን ረግጦ፥ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ቢለቅ ሞተሩ ጸጥ አለ። እርሱ ግን ከመቀመጫው አልተነሣም፤ ቃሉ ብልጭታውን ብቻ እንዳጠፋ ተረዳ።

በማግስቱ መካኒኩ ቴስታውን ፈቶ ጥላሸቱን ሲጠርግ፥ አዛውንቱ በእግሩ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ።