ከበር እስከ በር

ከአሰላ በስተደቡብ ሁለት አየር ማረፊያዎች አሉ፤ በአንድ ወገን የሐዋሳው፣ በሌላው ወገን የሮቤው። ወንዱ ልጄ ሐዋሳ ይሠራል፤ ሴቷ ሮቤ አግብታ ትኖራለች። እኔ ጡረታዬን ይዤ ከጭላሎ ሥር ከሁለቱም ርቄ ተቀምጫለሁ።

ዘንድሮ ልጄ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ስትቃረብ ወንድሟ ደወለልኝ። «እማዬ፣ በመኪና ምን ያንገላታሻል? በአውሮፕላን እንሂድ» አለኝ። እኔም «ቆይ፣ መጀመሪያ ሰዓቱን እንቁጠር» አልኩት።

እንዲህ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት ታላቅ እህቴ ሮቤ ታማ ሳለ፣ በረራው አንድ ሰዓት ያህል ነው መባሉን ብቻ ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ። የዕለቱ አውሮፕላን አመለጠኝ። በማግስቱ ስደርስ እህቴ መናገር አቁማ ነበር፤ እጄን ብቻ ጨበጥ አደረገችኝ። ስንቱን አስታማሚ «ለምን ቀድማችሁ አላመጣችሁትም?» እያልኩ የተቆጣሁ ነርስ፣ የራሴን መንገድ ሳልቆጥር ቀረሁ።

ስለዚህ ከልጄ ጋር ወረቀት ይዘን ቆጠርን። ከሐዋሳ እስከ ሮቤ በቀጥታ መስመር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለአውሮፕላን የግማሽ ሰዓት መንገድ። ነገር ግን መንገደኛ የሚሄደው በአዲስ አበባ በኩል ስለሆነ በአየር ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ በመካከል ቦሌ ላይ መጠበቅም አለ። የእኔ ደግሞ ይብሳል። ከአሰላ አዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ለመንገዱ አራት ሰዓት፣ ቀድሞ ለመድረስ ሁለት፣ ለበረራው አንድ ብንል ሰባት ሰዓት ሆነ። በመኪና ግን ከአሰላ ሮቤ 255 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስድስት ሰዓት ቢፈጅ ነው።

አውሮፕላንን ማጣጣሌ አይደለም። ቤቱ አዲስ አበባ ለሆነ ሰው የሮቤ መንገድ 430 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በረራው አንድ ሙሉ ቀን ያተርፍለታል። ለእኛ ግን አልሆነም። እሱ በሻሸመኔና በኮፈሌ፣ እኔ በበቆጂ መጥተን ዶዶላ ላይ ልንገናኝ ተቀጣጠርን።

ለገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄትና ቅቤ ይዤ በጠዋት ተነሣሁ። ከሳጉሬ አልፈን በቆጂ ስንደርስ ሯጮች በብርዱ ውስጥ በመንገዱ ዳር ይሮጣሉ። ደራርቱም ቀነኒሳም ከዚሁ ምድር የወጡ ናቸው። ከዚያ በኋላ የገብስና የስንዴ ማሳ ነው፤ በአሳሳ አድርገን ዶዶላ ገባን። ልጄ ቀድሞኝ ሻይ አዝዞ ይጠብቀኝ ነበር። ከዚያ አብረን በአዳባና በዲንሾ ብርድ አልፈን ሳይመሽ ሮቤ ደረስን። ልጄ ሆዷን ደግፋ በሯ ላይ ቆማ ስታየን አለቀሰች።

እናንተም ልጆቻችሁ በየአገሩ ተበትነው ከሆነ፣ «በረራው ስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ከራሳችሁ በር እስከ እነሱ በር ቁጠሩ። ወላድና በሽተኛ የሚጠብቁት ያንን ነው።

የልጅ ልጄ ግን ይህን ሁሉ ጥድፊያችንን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ አራት ቀን አስጠብቆን ነው የተወለደው።