ደብተሩን ክደነውና ንገረኝ

የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ሲወጣ ማስታወቂያውን አንብባችሁት ታውቃላችሁ? በየዓመቱ ያው ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ዋናውና ኮፒው፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። እናት ማስታወቂያውን ይዛ አንድ በአንድ እየቆጠረች ሻንጣ ትሞላለች፤ ከላይ በሶና ዳቦ ቆሎ ትጨምርበታለች። ልጁ መናኸሪያ ድረስ ይሸኛል፣ ጉንጩን ይሳማል፣ "በርታ እንግዲህ" ይባላል። እንዴት እንደሚጠና ግን ማስታወቂያው ላይም የለ፣ ሻንጣው ውስጥም የለ። "12 ዓመት ሲያጠና ኖሮ የለም እንዴ?" ይባላል። እስቲ ቡናው እስኪወጣ ስለዚህች ነገር እንጫወት፤ እኔን ለብዙ ጊዜ ስታብሰለስለኝ የኖረች ናት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንስማማ፦ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚገባ ልጅ ሰነፍ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፣ ከተፈታኙ ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቀጥታም ይግባ በአቅም ማሻሻያ (ሬሜዲያል) ፕሮግራም፣ ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ልጅ ጥብቅ ወንፊት አልፎ የመጣ ነው። ታዲያ ያ ልጅ የመጀመሪያው ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ሲመለስለት ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ የሚከተው ለምንድን ነው?

እንደ እኔ እምነት የጎደለው ጠያቂ ነው። ሁለተኛ ደረጃ እያለ የቤት ሥራው ይታያል፤ መምህሩ ድንገት "አንተ፣ ተነሥ!" ይሉታል፤ ማታ እናቱ "አጠናህ?" ትለዋለች። ግቢ ሲገባ ይህ ሁሉ ባንድ ቀን ይጠፋል። መምህሩ ስላይዱን አሳይተው ይወጣሉ፣ ሞጁሉ በቴሌግራም ይላካል፣ የሚቀጥለው ጥያቄ የሚመጣው በፈተና ቀን ነው።

ነፃ መስሎ የሚታየው ሰዓትም ያታልላል። አንድ የፍሬሽማን ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ ይያዝለታል። አንድ ኢሲቲኤስ ማለት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ የተማሪ ሥራ ነው። ዝቅተኛውን ብንይዝ እንኳ ለአንድ ኮርስ 125 ሰዓት ይመጣል። በሳምንት 3 ሰዓት ክፍል ብትቀመጡ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ነው። ቀሪው 77 ሰዓት የት ገባ? የትምህርት ፕሮግራሙ ላይ ባዶ ሆኖ የሚታየው ቦታ እሱ ነው። የሴሚስተሩን 30 ኢሲቲኤስ በሙሉ ስታሰሉት ደግሞ በሳምንት 47 ሰዓት ገደማ ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሚያስቀምጠው ከፍተኛው መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት 48 ነው። እንግዲህ ተማሪነት የሙሉ ቀን ሥራ ነው ማለት ነው፤ የሰዓት ፊርማ የሚቆጣጠር አለቃ ግን የለበትም።

እኔ ራሴ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የሎጂክ ሃንድአውቱን በቢጫ ማርከር እያሰመርኩ ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። በሦስተኛው ዓረፍተ ነገሮቹ ገና ሳልደርስባቸው ይመጡልኝ ጀመር። የትኛው ገጽ ላይ የሻይ ጠብታ እንዳለ ሳይቀር አውቃለሁ። ፈተናው ላይ አንድ አጭር ክርክር ተጽፎ "ዲዳክቲቭ ነው ወይስ ኢንዳክቲቭ? ምክንያቱን ግለጽ" የሚል ጥያቄ መጣ። የሁለቱን ትርጉም በእንግሊዝኛ ቃል በቃል፣ ነጥብ ሳላጓድል ጻፍኩት። ፊቴ ያለው ክርክር የቱ እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ከ30 11 አመጣሁ። ያ ቁጥር ከነቀይ እስክሪብቶው እስከ ዛሬ ይታየኛል። ሳላጠና ያመጣሁት ቢሆን ባልቆጨኝ ነበር፤ ሦስት ሌሊት ሳልተኛ ነው ያመጣሁት።

በሴሚስተር ዕረፍት ቤት ስመለስ አጎቴ ሊጠይቁን መጡ። አጎቴ በልጅነታቸው ጎጃም፣ ዋሸራ፣ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ቡናው እየተጠጣ "እስቲ፣ ምን ምን ተማርክ?" አሉኝ። ደብተሬን አምጥቼ ገለጥኩና ማንበብ ጀመርኩ። መዳፋቸውን ገጹ ላይ አሳረፉ።

"ክደነው" አሉኝ። "ክደነውና ንገረኝ።"

ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ቆምኩ። አልሳቁብኝም፣ አልተቆጡኝምም። ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ "እኛ ጠዋት ጫካ እንገባለን" አሉ። "ሁሉም እየብቻው ቅኔውን ይቆጥራል። ከዚያ ተመልሰን ለየኔታ እንነግራለን፤ የተበላሸውን ያርሙልናል። ልጄ፣ ያልያዝከውን የምታውቀው ስትናገረው ነው።"

የአብነት ትምህርትን ሽምደዳ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። በዚህ አልስማማም። ንባብ ቤት ውስጥ ማታ፣ መብራት በሌለበት፣ ከአፍ እየተቀበሉ በቃል የሚይዙት ብዙ ነው፤ እሱ እውነት ነው። ቅኔ ቤት ግን ተማሪው ሌላ ሰው የተቀኘውን ይዞ ቢቀርብ አይቆጠርለትም። የራሱን ማምጣት አለበት። ብቻውን ይደክማል፣ ያወጣል፣ ሰው ፊት ይናገራል፣ ይታረማል፣ በነጋታው ደግሞ ሌላ። በደበሎና በቁራሽ እንጀራ የኖረ ተማሪ ይህን ሁሉ ሲያደርግ፣ እኔ ቢጫ ማርከር ይዤ ወረቀት ማቅለሜ በዚያ ቀን ገባኝ።

አጎቴ ይህን ሲሉ የሥነ ልቦና መጽሐፍ አንብበው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት የሚለው ግን ያንኑ ነው። ለተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ሰጧቸው። አንደኛው ቡድን በአራት ክፍለ ጊዜ ጽሑፉን እየደጋገመ አነበበ። ሌላኛው በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ፣ በቀሪዎቹ ሦስት ወረቀቱን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶውን፣ ሲጽፉ የነበሩት 61 በመቶውን አስታወሱ። እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ሌላ ነው፤ ከሳምንት በኋላ ብዙ እናስታውሳለን ብለው ይበልጥ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ።

የዚህ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ሰፈር ውስጥ በየቀኑ "ሰላም ዋልክ?" የምትሉት፣ ስሙን ግን የማታውቁት ሰው የለም? መልኩን ለይታችሁታል፤ ማን ነው ብትባሉ ግን መልስ የላችሁም። ሦስት ጊዜ የተነበበ ሃንድአውትም እንደዚያ ነው። ስታዩት ታውቁታላችሁ፣ ሲከደን ይጠፋችኋል። ፈተና ደግሞ የሚሰጠው ተከድኖ ነው።

በሁለተኛው ሴሚስተር አንድ የዶርም ጓደኛዬን ልብ ብዬ ማየት ጀመርኩ። የባሌ ልጅ ነው፤ አፍ የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው። ማታ ማታ ከራት በኋላ ቁራጭ ጠመኔ ኪሱ ከቶ ይጠፋል። አንድ ቀን ተከተልኩት። ባዶ ክፍል ገብቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ለባዶ ወንበሮች ያስተምራል። በኦሮምኛ! መሀል ላይ ሲጠፋው ይቆማል፣ ሞጁሉን ከፍቶ አንድ አንቀጽ ያያል፣ መልሶ ይከድነዋል፣ ይቀጥላል። በሩ ላይ ሲያየኝ አላፈረም። "ና ግባ፣ ተማሪ አጥቼ ነበር" አለኝ።

ያንን የጣለኝን ጥያቄ አነሣሁለት። ጠመኔውን ይዞ አሰበና እንዲህ አለኝ፦ "ጎንደር ከባሕር ዳር በስተሰሜን ነው። ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ነው። እንግዲህ ጎንደር ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ነው። ይህን ልትክደው ትችላለህ? አትችልም። የፊቶቹ ሁለቱ እውነት ከሆኑ ሦስተኛው የግድ ነው፤ ዲዳክቲቭ እሱ ነው። አሁን ደግሞ፣ ላለፉት 10 ዓመታት እኛ አገር ሐምሌ ላይ ዘንቧል፤ ስለዚህ ዘንድሮም ሐምሌ ላይ ይዘንባል። ይዘንባል ብለህ እርሻህን ታርሳለህ፤ ሰማዩ ግን አልፈረመልህም። ኢንዳክቲቭ ይኸ ነው።" ሦስት ሌሊት ያልገባኝ ነገር በሁለት ደቂቃ ገባኝ። እስከ ዛሬም አልወጣም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኛ አገር ተማሪ ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ ስትይዙት የያዛችሁ ይመስላችኋል፤ የያዛችሁት ድምፁን ሊሆን ይችላል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ፣ እናት በምትሰማው ቋንቋ ለመናገር ስትሞክሩ ግን መደበቂያ የለም። ካልገባችሁ ምላሳችሁ ይያያዛል። ስለዚህ መጀመሪያ በአፍ መፍቻችሁ አስረዱት። ሲገባችሁ በገዛ ራሳችሁ እንግሊዝኛ፣ ሰዋስዉ ቢሰበርም፣ ሁለት ሦስት መስመር ጻፉት፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነውና ይህችን ሁለተኛዋን እርምጃ መዝለል አይቻልም። "በአማርኛ ካጠናሁ እንግሊዝኛዬ ይበላሻል" የሚሉ ልጆች አጋጥመውኛል። ያልገባውን ነገር በጥሩ እንግሊዝኛ የጻፈ ሰው ግን ከ30 11 ያመጣል፤ አይቼዋለሁ።

ከጓደኛዬ ጋር ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሆንን፤ ቆይተን አራት ሆንን። አብሮ ማጥናት ሲነሣ ዩሪ ትሪስማን የተባለ የሒሳብ መምህር ትዝ ይለኛል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሊ፣ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን በብዛት እንደሚወድቁ ማወቅ ፈለገ። ባልደረቦቹን ሲጠይቅ አንዱ ፍላጎት ስለሌላቸው ነው ይላል፣ ሌላው መሠረታቸው ደካማ ስለሆነ ነው ይላል፣ ሌላው ቤተሰባቸው ስለማይደግፋቸው ነው ይላል። እሱ ግን ግምቱን ትቶ ተማሪዎቹ ሲያጠኑ ሊያይ ሄደ። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ይሠራሉ፤ የሚሠሩት ግን ብቻቸውን፣ በር ዘግተው ነው። ጎበዝ የወጡት ቻይናውያን አሜሪካውያን ተማሪዎች ደግሞ መጀመሪያ እየብቻቸው ይሠሩና ማታ ይሰበሰባሉ፤ አብረው እየበሉ አንዱ የሌላውን መልስ ያያል፣ ይከራከራሉ፣ አንዱ የጠፋውን ሌላው ያሳየዋል። ትሪስማን ከባድ ከባድ ጥያቄ በቡድን የሚሠራበት ወርክሾፕ ከፈተ፤ የጥቁሮቹም ተማሪዎች ውጤት ተለወጠ።

አብሮ መብላትንስ ማን ያስተምረን? እኛ ግቢ በአንድ ትሪ የበላን ልጆች የየብቻ ደብተራችንን ይዘን ላይብረሪ ውስጥ ዝም ብለን እንቀመጥ ነበር። አንድ ነገር ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ሳይሠራ የመጣ ሰው የበዛበት ቡድን ወሬ ይሆናል። የእኛ ሕግ አንድ ነበረች፦ ጥያቄዎቹን ብቻውን ሞክሮ ያልመጣ አይቀመጥም። ጨካኝ ትመስላለች፣ ጠቅማናለች።

የቀረውን ባጭሩ ልበላችሁ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው፣ የያዝነው ነገር በብዛት የሚሸሸን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ነው። ስለዚህ የዛሬውን ትምህርት ለፈተና ሳምንት አታቆዩት፤ ዛሬ ማታ 10 ደቂቃ ስጡት፣ ከሦስት ቀን በኋላ መልሳችሁ ጠይቁት፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ። ስልካችሁን ዶርም ትታችሁት ውጡ፤ ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ ማስቀመጥ አይበቃም። ከፈተና በፊት ያለውን ሌሊት ተኙ። ማደሩን እኔ ሦስት ጊዜ አድሬዋለሁ፤ ውጤቱን ነግሬያችኋለሁ።

አሁን ደግሞ ልጅ ለላካችሁ ወላጆች አንድ ነገር ልለምናችሁ። ማታ ስትደውሉ "በላሽ? ብርዱ እንዴት ነው? ብር አለሽ?" ትላላችሁ። እሱ ይቅር አልልም። ከዚያ በኋላ ግን "እስቲ ዛሬ የተማርሽውን ንገሪኝ፣ ደብተሩን ሳታዪ" በሉ። ሎጂክም ይሁን ጂኦግራፊ፣ እናንተ ባትማሩትም ግድ የለም፤ ልጃችሁን የሚጠቅማት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ነው። ሦስት ደቂቃ ትናገር። ስትደናቀፍ አታቋርጧት፤ ሳይገባችሁ ሲቀር "አልገባኝም፣ ድገሚልኝ" በሏት። ስልኩን ስትዘጋ ምን ማየት እንዳለባት ራሷ ታውቀዋለች።