ከደሴ ውጫሌ በሳይክል

ልጅ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ሲል ሻንጣው ውስጥ ምን እንደሚገባ ወላጅ ሁሉ ያውቃል፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ኪሎው ከፈቀደ ደግሞ ዳቦ ቆሎ። የእኔ ልጅ እናቷ ወዳለችበት ወደ ፈረንሳይ የምትሄድበት ወረቀት ያለቀው በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነበር። ያኔ 16 ዓመቷ ነው። እኔና እናቷ በሰላም ከተለያየን ቆይተናል፤ ልጅቷን ደሴ ላይ ያሳደግናት እኔና አሁን በሕይወት የሌለችው እናቴ ነን። "ከመሄድሽ በፊት ምን ላድርግልሽ?" አልኳት። የጆሮ ወርቅ ወይም ስልክ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር። "የእማማን አገር አሳየኝ፤ በሳይክል" አለችኝ።

እማማ የምትላት እናቴን ነው። አገሯ አምባሰል፣ ውጫሌ አጠገብ ነው።

እኛ ቤት ሳይክል እንግዳ አይደለም። በልጅነቴ ደሴ ላይ በሰዓት እየተከራየን ጉልበታችንን ስንልጥበት ኖረናል። ልጄም ከ12 ዓመቷ ጀምሮ ትነዳለች። "ሴት ልጅን ምን ሳይክል ላይ ሰቀላት" የሚል ጎረቤት አልጠፋም ነበር፤ እናቴ ግን "እኛ በቅሎ ላይ ስንቀመጥ ማን ከለከለን?" ብላ ወሬውን ዘግታዋለች።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ በኋላ ገባኝ። እናቷ አኔሲ ከሚባል የፈረንሳይ ከተማ ፎቶ ልካላት ነበር። ድንጋይ በድንጋይ የሆነ አሮጌ ከተማ፣ ተራራ፣ ከሥሩ ደግሞ ሐይቅ። ሐይቁን ዞሮ ለመጨረስ ወደ 40 ኪሎ ሜትር መንዳት ይጠይቃል፤ በአንደኛው ዳርቻ መንገዱ የድሮ ባቡር ሐዲድ በነበረበት ላይ ለሳይክል ተብሎ የተሠራ ነው። "አባዬ፣ ይሄ እኮ ሁሉም እኛ ጋ አለ" አለች ፎቶውን እያሳየችኝ። እውነቷን ነው፣ አለ። የሌለን ለሳይክል የተሠራው መንገድ ነው።

ጥር ላይ ወጣን። ዝናብ የለም፣ አዝመራው ተሰብስቧል፣ ትምህርት ቤትም ለእረፍት ተዘግቶ ነበር። ስንቃችን ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ፣ ጎማ መንፊያ፣ ውሃና በሶ ነው። ልምምድ የሚያስፈልገው ይመስላችኋል? እኔ ሃምሳን ያለፍኩ፣ ቦርጭ ያለኝ ሰው ነኝ። በቀን አንድ ከተማ ብቻ ተባባልን፤ መጀመሪያ ሐይቅ፣ በማግስቱ ውጫሌ፤ መመለሻው ሳይክሎቹን ሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ ጭኖ።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐይቅ 2000 ገደማ ላይ። በመካከሉ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ አልፎ አልፎ ዳገት ቢኖረውም፣ ቁልቁል ነው ማለት ይቻላል። ጠዋት ላይ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ፍሬን መያዝ ራሱ ሥራ ነው። አስፋልቱ ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደ አሥመራ የዘረጋው መንገድ ነው፤ ኩርባው ስለሚበዛ አይሱዙ ከኋላ ሲመጣ ጥሩምባውን እንሰማለን እንጂ መኪናውን አናየውም። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ዓይኔ ተራራውን አላየም፤ የጀርባ ቦርሳዋን ብቻ ሳይ ሱሉላ ደረስኩ። እሷ ግን ሁሉን አይታለች። "ያንን ጤፍ የሚወቁትን አየሃቸው?" ትለኛለች። "አይቻለሁ" እላለሁ።

ሐይቅ ስንደርስ ውሃው በስተቀኝ ብልጭ አለ። ቆሮሶ ጥብስ በአዋዜ በላን፤ ለሁለት የመጣውን እሷ ብቻዋን ጨረሰችው። ከዚያ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ወረድን።

ስለ ገዳሙ ልነግራት የተዘጋጀሁት ብዙ ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ እንዴት ትልቅ የትምህርት ቦታ እንዳደረጉት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚያ እንደተማሩ፣ በእሳቸው ዘመን የተጻፈ፣ ከ700 ዓመት በላይ የሆነው ወንጌል እንዴት እንደቆየ። ልጅ ግን የምትይዘውን ራሷ ትመርጣለች። እሷ የያዘችው አፈ ታሪኩን ነው። በድሮ ዘመን አንዲት ልዕልት አንዲትን ነፍሰ ጡር በደለች ይባላል። እግዚአብሔር ተቆጥቶ አገሩን ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱ ከነወገኖቿ ሰጠመች፤ ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ። ገዳሙ ያለው እዚያ ላይ ነው። ዛሬ ደሴቱ ከየብስ ተያይዞ በእግር ይገባል። የሚገባው ግን ወንድ ብቻ ነው።

ልጄ ሳይክሏን ተደግፋ ቆመች። "ቦታው መጀመሪያ የሴትዮዋ አልነበር?" አለች፣ ለእኔ ብላ፤ ድምፅዋ ግን ከፍ ብሎ ኖሮ በዚያ የሚያልፉ አንድ አረጋዊ አባት ሰሟት። እኔ ደነገጥኩ። እሳቸው መስቀላቸውን አሳልመዋት፣ "ልክ ነሽ ልጄ፤ እኛ እየጠበቅንላት ነው" ብለው አለፉ። እስከ ዛሬ መልሱ ይሁን ቀልዱ አልለየሁትም። እሷ ግን ተደሰተች፤ "አንተ ግባና ንገረኝ" ብላ ላከችኝ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቼ ብዙ ልነግራት ተሞልቼ ስወጣ እሷ ከልብስ አጣቢ ሴቶች ጋር ተቀምጣ አገኘኋት። "አባዬ፣ ከላይ አርዲቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ፤ የእሱ ውሃ ወደዚህ ይፈስሳል። ከዚህ ግን ወዴትም አይወጣም። ታውቃለህ?" አለችኝ። አርዲቦን አውቃለሁ፤ ውሃው ግን ወዴት እንደሚሄድ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጠይቄ አላውቅም።

በማግስቱ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ስንሄድ መንገዱ ዋጋውን አስከፈለን። ዳገቱ ላይ እየገፋን፣ "ጽጋቡ ግርማይ ይሄን በስንት ደቂቃ ይወጣዋል?" ትለኛለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ስሙን እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ለመመለስ ትንፋሽ አልነበረኝም። አንድ ኩርባ ላይ የእሷ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ጎሚስታ በአካባቢው የለም፤ ማስቲሹን አውጥተን መንገድ ዳር ስንቀመጥ ቢጫ ጀሪካን ያዘለች ሴት ቆመች። ከጀሪካኑ በሣህን ቀዳችና እሹ የት እንዳለ ለማየት ከመነዳሪውን ውሃው ውስጥ ነከርነው። ለስንት ሰዓት መንገድ ተሸክማው እንደመጣች አልነገረችንም።

"ወዴት ነው የኔ ልጅ?" አለቻት።

"ፈረንሳይ" አለች ልጄ።

ሴትዮዋ መንገዱን ወደ ላይ አየች፣ ሳይክሉን አየች፣ እኔን አየች። "በዚህ በኩል ነው እንዴ?"

ሦስታችንም ሳቅን። ነገሩን ስንነግራት ግን ሳቋን አቆመችና የልጄን እጅ ይዛ፣ "አብሽሪ፤ የሄደ ይመለሳል" አለቻት። እኔ ለአንድ ወር አፌ ላይ ያመጣሁትና የዋጥኩት ቃል ነበር። ጎማውን መንፋት ቀጠልኩ።

ውጫሌ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። በ1881 ዓ.ም. ሚያዝያ 25 ቀን ዳግማዊ ምኒልክ ከጣሊያኑ መልእክተኛ ከኮንት አንቶኔሊ ጋር ውል የተፈራረሙበት ይስማ ንጉሥ ለከተማዋ ቅርብ ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መነጋገር ትችላለች ሲል፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገባት። ጦሱ እስከ አድዋ ሄደ። "ይሄ ሁሉ በአንድ ግስ?" አለች። "በአንድ ግስ" አልኳት። "እንግዲያ ፈረንሳይኛ ስማር ግስ ላይ አልቀልድም" አለች። ከታሪክ ትምህርቴ የተረፈው ይህ ነው፤ ትንሽ አይባልም።

አክስቴ ከበራፍ ጠበቀችን። እሷ ሙስሊም አግብታ የባሏን ሃይማኖት ይዛለች፤ እናቴ ክርስቲያን ሆና ኖራለች። ለወሎ ሰው ይህ ማብራሪያ የሚያሻው ጉዳይ አይደለም። ለእኛ ዶሮውን የክርስቲያን ጎረቤት ጠርታ ነበር ያሳረደችው፤ ለብቻ ድስት አሠርታለች። ልጄን ካገላበጠች በኋላ፣ "ቅልጥሟ የእህቴ ነው" ብላ ፈረደች። ቡናው እስከ በረካ ሲዘልቅ ልጄ ስለ እናቴ የማላውቀውን ሁሉ እየጠየቀች አስለፈለፈቻት፤ እንዴት እንደተዳረች፣ በስንት ዓመቷ ከዚህ እንደወጣች፣ አልቅሳ እንደሆነ። "እንዴታ! እስከ ሐይቅ አልቅሳለች" አለች አክስቴ። "ከሐይቅ በኋላስ?" "ከሐይቅ በኋላማ ደሴን ለማየት ቸኮለች።"

አክስቴ ቡና ስትቆላ የምታንጎራጉረው ዜማ አምባሰል ነው። ቅኝቱ ከአገሩ ስም እንደወሰደ ልጄ ያን ቀን ሰማች። በስልኳ ቀዳችው።

የካቲት ላይ ሄደች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ውጫሌን፣ ሐይቅንና ደሴን ሲያዳርስ እኔ ሸሽቼ አዲስ አበባ ነበርኩ። ልጄ በየማታው ትደውላለች። የውጭ ሰው "ወሎ እንዴት ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ እሷ ግን በመንገዱ ቅደም ተከተል ነበር የምትጠይቀኝ። ሱሉላስ? አሳ የበላንበትስ? እነዚያ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች? ጎማ የተነፈሰበት ኩርባ አጠገብ ያሉት ቤቶች? ያቺ ውሃ የሰጠችንስ? እኔ ስሟን እንኳ አላውቅም። ለአብዛኛው መልስ አልነበረኝም፤ ብቻ አብረን እየቆጠርን ውጫሌ እንደርሳለን። የአክስቴ ስልክ ከብዙ ሳምንት ዝምታ በኋላ ሲሠራ መጀመሪያ ያገኘቻት ከፈረንሳይ ሆና እሷ ናት። ደህና ነበረች፤ ዶሮ ብቻ አልቀረላትም።

ባለፈው ክረምት አኔሲን በሳይክል ዞረችው። መንገዱ እንደ ምንጣፍ ነው አለችኝ፤ ዳገት የለም ማለት ይቻላል፤ በየቦታው የሚጠጣ ውሃ ከቧንቧ ይቀዳል። "ግን አባዬ፣ ሙሉ ቀን ወዴት ነሽ ያለኝ ሰው የለም።"

ሳይክሏ ጓዳ ቆማ ነበር። ልሸጣት እንደማልችል ስነግራት ሳቀችብኝና ለጎረቤታችን ልጅ እንድሰጠው አዘዘችኝ፤ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀች፤ የኋላ ፍሬኑ ሳይቀየር ቁልቁለት እንዳይወርድባት። ቅዳሜ ወስጄ አስቀየርኩ።