«ደቅ ላይ ትኖራለህ?»

ዛሬ እንደ ልማዴ «እሱ እንዲህ አለኝ፣ እሷ እንዲህ አደረገችኝ» የሚል ደብዳቤ ይዤ አልመጣሁም። የዛሬው ባለጉዳይ እኔው ነኝ። ለእናንተ ምክር ስለግስ የከረምኩት ሰውዬ፣ አንዲት ጥያቄ መመለስ አቅቶኝ ሐይቅ ተሻግሬ የተመለስኩበትን ጉዞ ላጫውታችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የመራዊ ልጅ ነኝ። መራዊን ለማታውቁ፣ ከባሕር ዳር በዳንግላ መንገድ 35 ኪ.ሜ. ያህል ወጣ ብላችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አዲስ አበባ ገባሁና ጋዜጣ ላይ መሞነጫጨር ጀመርኩ። እሷ ደግሞ አንድ ሰፈር አብረን ያደግን ልጅ ናት። የመምህርነት ኮሌጅ ጨርሳ ዕጣዋ ደቅ ደሴት ላይ ወደቀ። ዓመት ካስተማረች በኋላ አንድ ማታ ደወለችልኝ። «እኔ እዚህ መቆየት እፈልጋለሁ። አንተስ ደቅ ላይ ትኖራለህ? በስልክ እንዳትመልስልኝ፤ መጥተህ አይተህ መልስልኝ» አለች።

ጥር 2015 ዓ.ም. ነበር፣ ጥምቀት ያለፈ ሰሞን። ባሕር ዳር ወደቡ ላይ ገና ጎህ ሳይቀድ ደረስኩ። ጀልባ ነጂው «ከሰዓት ብለህ አትቅጠረኝ ወንድሜ» ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። ጣና ጠዋት ጠዋት መስታወት ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግን ማዕበሉ ጀልባውን እንደ ቁና ያንገዋልለዋል። ደቅ ከባሕር ዳር 35 ኪ.ሜ. ገደማ ትርቃለች። እኛ በሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ፈጀብን። የዘጌን የቡና ደን በግራ ትተን ስናልፍ፣ በደንገል ታንኳ ላይ ቁጭ ብሎ የሚቀዝፍ ዓሣ አጥማጅ እጁን አነሳልን። እኔ የጎማ ጃኬት ለብሼ ስንቀጠቀጥ እሱ ታንኳው ላይ ቆሎውን ይቆረጥማል!

ጣና ስፋቱ 3,000 ስኩዌር ኪ.ሜ. ያህል ነው። ታዲያ ስፋቱን አይታችሁ ጥልቀቱም እንደዚያው እንዳይመስላችሁ፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የመሬት አጥኚዎች እንደሚሉት፣ ሐይቁ የተፈጠረው በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ አለት የውኃውን መውጫ ስለገደበው ነው። ደሴቶቹም የዚያው የእሳት ልጆች ናቸው። ቁጥራቸው 37 ነው ይባላል፤ ውኃው ሲሞላና ሲጎድል ግን ይለዋወጣል። ከሁሉም ትልቋ ደቅ ናት፤ 16 ስኩዌር ኪ.ሜ. ያህል ትሰፋለች፣ የምትተዳደረውም በባሕር ዳር ዙሪያ ወረዳ ሥር ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ደቅ ማለት መነኮሳትና ዝምታ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከጀልባ ስወርድ የተቀበለኝ የልጆች ጫጫታ ነው! ጎጆ አለ፣ ቆርቆሮ ቤት አለ፣ ከብት አለ፣ እርሻ አለ፣ ጠላ ቤት አለ። በሁለት ቀን ቆይታዬ ግን የመኪና ጥሩምባ አልሰማሁም። እሷ ደብተር በብብቷ ይዛ መጣች። ከስታለች፣ ግን ፊቷ በርቷል። ተማሪዎቿ «የቲቸር ወንድም ነው?» እያሉ ይንሾካሾካሉ። «አዎ» አለቻቸው፣ እኔን ሳታይ።

ናርጋ ሥላሴ ወሰደችኝ። በደሴቲቱ ምዕራብ ዳርቻ ያለች ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። እቴጌይቱ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተስለዋል። አንድ በር ላይ ፒፓ የሚያጨስ ሰው ተቀርጿል፤ አስጎብኚዎች «ጀምስ ብሩስ ነው» ይላሉ። ይህ ስኮትላንዳዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰ ነው፤ በዚያው ዓመት ግሽ ዓባይም ወርዶ ምንጩን አይቷል። ከዚያ ምንጭ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ነው፣ የእኛን የቆጋን ወንዝ ተቀብሎ ጣና የሚገባው።

በማግስቱ ጠዋት ዳጋ እስጢፋኖስ ተሻገርኩ። ዳጋ ከደቅ አጠገብ እንደ ጉልላት ቀጥ ብላ የቆመች ትንሽ ደሴት ናት። ገዳሙ ውስጥ የነገሥታት አፅም አለ፦ የይኩኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርዐ ያዕቆብ፣ የዘድንግልና የፋሲለደስ። ሴት ግን አይገባም። እሷ ደቅ ዳርቻ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። ስመለስ «ነገሥታቱ ምን አሉህ?» አለችኝ። «ዝም» አልኳት። «አንተም እንደነሱ ነህ» አለችኝና ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

የሚገርማችሁ፣ ልቤን የነካው ንጉሥም ሥዕልም አይደለም። ምሳ የጋበዙን እማማ ናቸው፣ እሷ የምትኖርበት ግቢ ባለቤት። የተጠበሰ ቀረሶ በዳጉሳ እንጀራ አቀረቡልን። የመራዊ ልጅ መሆኔን ሲሰሙ «ይኸው አፈራችሁ በየክረምቱ እኛ ዘንድ ይመጣል!» አሉ። እውነታቸውን ነው። ክረምት ሲገባ ግልገል ዓባይ ከማሳችን የታጠበውን አፈር ተሸክሞ ሐይቁ ውስጥ ይደፋዋል። በዚያው ሰሞን ደግሞ «ነጭ ዓሣ» ከሚባሉት ብዙዎቹ ሐይቁን ትተው ለመራባት ሽቅብ ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። የእነዚህ ዓሦች ዘር ከ15 ያላነሰ ነው፤ ከጣና በስተቀር የትም ዓለም አይገኙም። ይህን እሷ ነበረች የምታስረዳኝ፣ ለተማሪዎቿ እንደምታስረዳው። እማማም ቀበል አድርገው «ዓሣው እንኳ ለመውለድ አገራችሁ ድረስ ይወጣል፣ ልጄ። አንተን ምን ከለከለህ እዚህ መምጣት?» አሉኝ። ጉሮሮዬ ላይ የቆመው የዓሣ አጥንት ነው ብዬ ውኃ ጠጣሁ።

ሐይቁም ችግር አለበት። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እምቦጭ የሚባለው አረም በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ተንሰራፍቷል። ሰኔ 2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን የዓለም የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል፤ እምቦጩ ግን ምስክር ወረቀት አይቶ አይመለስም። እሷ ታዲያ «ሁሉም ጥሎ ከሄደ ማን ይነቅለዋል?» ትላለች።

የመሄጃዬ ጠዋት ወደቡ ድረስ ሸኘችኝ። «እህስ?» አለች። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ኔትወርኩ ግን ደካማ ነው አይደል?» አልኳት! አዎ፣ ይህን ነው ያልኩት። ሦስት ሰዓት ውኃ ላይ ተጉዤ፣ ሁለት ቀን ተጋብዤ፣ ስለ ኔትወርክ! ቀጥዬም «ትንሽ ላስብበት» አልኩ። ቀና ብላ ሰማዩን አየችና «ሂድ በል፣ ነፋሱ ሳይነሳ» አለችኝ።

«ትንሽ» ያልኩት ወራት ሆነ። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልላችን ግጭት ተቀሰቀሰ። መንገዱም ስልኩም እንደ ልብ አልሆነም። መልሴን ቆርጬ ለመንገር ስደውል መስመር የለም። በኋላ መስመሩ ሲመጣ ሌላ ወሬ ይዞ መጣ፦ አብሯት የሚያስተምር ልጅ ሽማግሌ ልኮ፣ ቤተሰቦቿም እሺ ብለዋል። ልጁ ለመኖር ደቅን መርጧታል። አልፈርድባትም፤ እኔስ ጠይቃኝ አልነበር?

እንግዲህ የዚህ አምድ ልማድ ነውና ምክሬን ልስጥ። ደቅን ለማየት የምታስቡ ልጆች፣ መጀመሪያ የአካባቢውን ፀጥታ ከአገሬው ሰው ጠይቁ። ስትሄዱ በጠዋት ተነሱ። ፎቶ ተነስታችሁ በዚያው ቀን አትሩጡ፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሩ። ሴቶች ዳጋ ባትገቡም ናርጋ አይከለክላችሁም። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጫማችሁን አውልቁ፣ ሥዕል ከማንሳታችሁ በፊት ቄሱን አስፈቅዱ።

የኔ ዓይነት ጥያቄ የተጠየቃችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ «ትንሽ ላስብበት» አትበሉ። እሺም ሆነ እንቢ፣ እዚያው ወደቡ ላይ ቆማችሁ ተናገሩት። እኔ ያን ጠዋት «እንቢ» ብላት እንኳ ያን ሁሉ ወር ስልክ አትጠብቅም ነበር። ደኅና ሰንብቱ!