አባቴ ያወጣት እጅ

ታናሽ ወንድሜ እንግሊዝ አገር ከገባ ብዙ ዓመቱ ነው። ዜግነትም ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኖቬምበር ወር አንድ ማታ ስልክ ደወለልኝ። ስለ እናታችን ጤና፣ ስለ ኑሮው ከተጨዋወትን በኋላ፣ «ጋሼ፣ የሚያስቅህን ነገር ልንገርህ» አለ። «የፖሊስ ኮሚሽነር ምረጥ የሚል ወረቀት መጥቶልኛል።»

እኔ ግን አልሳቅሁም። «ፖሊስ ደግሞ ይመረጣል እንዴ?» አልሁት።

አስረዳኝ። ኮሚሽነሩ ራሱ ሌባ አያስርም። የፖሊሱን በጀት ይወስናል፣ የፖሊስ አዛዡን ይሾማል፣ ሲያጠፋም ከቦታው ያነሣዋል። እሱን ደግሞ ነዋሪው በየጊዜው በድምፁ ያወጣዋል፣ ያወርደዋል። ከለንደን ውጭ ባለው በአብዛኛው የእንግሊዝና የዌልስ ክፍል እንዲህ ያለ ምርጫ ሲደረግ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«እና ልትመርጥ ነዋ?»

«ኧረ ወዲያ! ሥራ አለብኝ፤ ዝናቡንስ ማን ችሎት።»

እሱ ብቻ አልነበረም የቀረው። ድምፅ የሰጠው ከመራጩ 15 ከመቶ ያህል ነበር። በዌልስ ኒውፖርት ከተማ አንድ የምርጫ ጣቢያ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ውሎ አንድም መራጭ ሳይመጣለት ተዘጋ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ወንድሜ ያኔ ሕፃን ስለነበር አያስታውስም። እኔ ግን ጠመንጃ የሚይዝ ሰው በሕዝብ ሲመረጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ፣ ቀበሌ የሚባለው ነገርም አብሮ ተወለደ። እስከዚያ ድረስ ሹም ከላይ ሲመጣ እንጂ ከታች ሲወጣ ያየ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ሰዉ በደስታ ነበር ለስብሰባ የሚሮጠው። ከዚያ በ1969 ዓ.ም. አዲስ አዋጅ ወጣ፤ ቀበሌዎችም ሥልጣናቸው ሰፋ፤ የራሳቸው ፍርድ ሸንጎ፣ የራሳቸው ጥበቃ ኖራቸው።

የእኛ ቀበሌ የጥበቃ ኃላፊውን የመረጠው አንድ እሑድ ጧት፣ በተወረሰ የአንድ ባለጸጋ ቪላ ግቢ ውስጥ ነበር። አባቴ ይዞኝ ሄደ። ለዕጩነት የቀረበውን ሰው ሁላችንም እናውቀው ነበር። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ሰርግ ሲኖር ውሃ የሚቀዳ፣ ሕፃን ሲወድቅ የሚያነሣ ሰው ነበር። «የሚደግፍ እጁን ያውጣ!» ተባለ። አባቴ እጄን ለቀቀና እጁን አወጣ። ዙሪያዬን ባይ ግቢው በሙሉ እጅ ነው። «የሚቃወም?» ዝም። «ድምፀ ተአቅቦ?» ዝም። ጭብጨባው ቀለጠ።

ለሰውዬው ጠመንጃ ተሰጠው። ብዙ ወር አልፈጀም። አንድ ሌሊት የጎረቤታችን የእትዬ በር ተደበደበ። ተማሪ የነበረው ልጃቸው ተወሰደ። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ማንም ብቅ አላለም። እትዬ ግን በጓሮ በኩል አጥር ጥሰው ወደ ቤታችን ገቡ። አባቴ እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዛቸው። «ወንድሜ፣ እጅህን አውጥተህ የሾምኸው ሰው ነው። እባክህ አንተ ንገርልኝ!» አሉት።

አባቴ ጎሕ እስኪቀድ ጠብቆ ወደ ቀበሌ ሄደ። ሲመለስ ገጽታው አመድ መስሎ ነበር። እትዬ ከሄዱ በኋላ ለእናቴ የተባለውን ሲነግራት ሰማሁ፤ «‹እኔን የመረጠኝ ሰፊው ሕዝብ ነው፤ አንተ አንድ ሰው ነህ› አለኝ።» ልጁ አልተመለሰም። አባቴም ከዚያ ወዲያ በየትም ስብሰባ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም። የእድር ዳኛ ሲመረጥ እንኳን፣ «በወረቀት ይሁን» ይል ነበር። «ሒሳቡም በየዓመቱ ይመርመር፤ ያልተመቸን እንደሆነ እናውርደው።» አንዳንዱ ሰው ነገረኛ ይለው ነበር። እኔ ግን ምክንያቱን አውቅ ነበር።

ውድ አንባቢ፣ ይህን የማወጋህ ምርጫን ለማጣጣል አይደለም። «ሹም ከላይ ይምጣልን» የሚል ሰው ካለ፣ የሾመውም እላይ ነውና አቤቱታችንን ለማን እናሰማለን? የአዲስ አበባ ቻርተር፣ በ1995 ዓ.ም. እንደወጣው፣ ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው ይላል፤ እኛ የምንመርጠው ምክር ቤቱን ነው። በ1997 ዓ.ም. ከሌሊቱ ጀምሮ ተሰልፌ መርጫለሁ። ተቃዋሚው ቅንጅት ከ138 የምክር ቤት መቀመጫ 137ቱን አሸነፈ። ግን ከተማዪቱን ሳይረከብ ቀረ፤ አዲስ አበባም እስከ 2000 ዓ.ም. በባለ አደራ አስተዳደር ሥር ቆየች። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ሕጉ ተሻሻለና የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው ምክትል ከንቲባ ሆኖ ከተማዪቱን መምራት ቻለ። እኔ ይህን የሰማሁት እንደማንኛውም ሰው ከዜና ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው የተረቱት ሰዎች እንዲህ ያለውን ኑሮ ያውቁታል።

ስለዚህ ከንቲባውን በቀጥታ እንምረጥ ባይ ነኝ። መንገዱ ሲፈርስ፣ ውሃው ሲጠፋ፣ «አንተን ነው የመረጥሁህ» የምለው አንድ የታወቀ ሰው ይኑረኝ። በእርግጥ ዋና ከተማ ላይ እንዲህ ያለ ከንቲባ ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር መጋጨቱ አይቀርም ይባላል። ይጋጭ፤ ክርክሩ በአደባባይ ከሆነ እኛም እንሰማዋለን።

የፖሊስ አዛዡን ግን እኔ አልመርጥም። ድምፅ የሚለምን የፖሊስ አዛዥ ከሕጉ ይልቅ ጭብጨባው ወዴት እንደበዛ ያያል። ብዙ ዓይነት ሕዝብ በአንድ ግቢ በሚኖርበት ከተማ፣ ያልመረጠው ክፍል ማታ በሩ ሲንኳኳ ምን ይሰማዋል? አዛዡን የተመረጠው ከንቲባ ያቅርበው፣ ምክር ቤቱ በግልጽ ጠይቆ ያጽድቀው፣ የሥራ ዘመኑ ይወሰን፣ ከበላዩም ዳኛ ይኑር። በእኛ ቀበሌ ጥበቃውም፣ እስር ቤቱም፣ ሸንጎውም በአንድ ቪላ ውስጥ ነበሩ። እጅ የሚወጣው በሰው ፊት ነበር፤ ያላወጣም ይታይ ነበር። ለመምረጥ ቀን ተቀጥሮ ነበር፤ ለማውረድ ግን ቀን አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2025 ኖቬምበር ወንድሜ እንደገና ደወለ። «ጋሼ፣ ያንን የፖሊስ ኮሚሽነር ነገር እኮ ሊያስቀሩት ነው! የአሁኖቹ ጊዜያቸውን ጨርሰው በ2028 ይሄዳሉ አሉ።»

«ፖሊሱንስ ማን ሊቆጣጠረው ነው?»

«ከንቲባ ባለበት ከንቲባው፤ በሌለበት የአካባቢ ምክር ቤቶች የሚወከሉበት ቦርድ።»

«ሰዎቹ እሺ ብለው ይሄዳሉ?»

ሳቀ። «እንዴት አይሄዱም? ሕግ እኮ ነው» አለኝ።

እንዲህ ብሎ መሳቅ መቻሉ ቀናሁበት። ዝናብ ስለሆነ ምርጫ የቀረ ሰው፣ የቀረበት ኮሚሽነር ማታ በሩን እንደማይደበድበው እርግጠኛ ነው። እትዬ ያን ሌሊት በጓሮ በኩል አጥር ጥሰው የመጡት ግን፣ ከመረጠው ሰው በቀር የሚናገርላቸው ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። አባቴም እስኪሞት ድረስ ያቺን ቀኝ እጁን በጋቢው ሸፍኖ ነበር ስብሰባ የሚቀመጠው።