ቤት የለህም?

እናላችሁ፣ ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ነው። ለእናቴ «ጎባ ሆቴል ነው የማድረው» ብዬ ዋሸሁ። ዲንሾ ላይ የፓርኩን ከፍዬ ሞተሬን ብቻዬን ወደ ሳነቲ አቀናሁ። ከ4,000 ሜትር በላይ አየሩ ሲሳሳ ሞተሯም እንደኔው ትንፋሽ አጠራት፤ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ወጣች።

ጅብራዎቹ መሀል ድንኳን ተከልኩ። ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድፍጣለች፤ እኔን ከቁም ነገርም አልቆጠረችኝ። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል።

ሲመሽ ግን ብርዱ! ጓንቴን ሳይቀር ለብሼ ጥርሴ አላረፈም። ኔትወርክ የለም። ነፃነት ብዬ የመጣሁበት ብቸኝነት ፍርሃት ሆነብኝ። ብሞት እናቴ የምትፈልገኝ ሆቴል ነው።

ከዚያ ኮቴ ሰማሁ። ጋቢ የተከናነበ እረኛ ነው። የሱ አማርኛና የኔ ኦሮምኛ ተደምረው አንድ ዓረፍተ ነገር አይሞሉም። ድንኳኑን በባትሪ አየ፤ ሞተሩን አየ፤ እኔን አየኝ።

«ቤት የለህም?»

ምን ልበለው? ለመዝናናት ነው ልበል? በጣቱ ጎጆውን አሳየኝ፤ ተከተልኩት። ከልጆቹ ጋር እሳት ዳር አደርኩ።

ጠዋት ድንኳኔ ውርጭ ለብሶ ጠበቀኝ። ጎባ ስወርድ ስልኬ ነቃ፤ ሰባት ሚስኮል። ደወልኩ።

«ሆቴሉ እንዴት ነበር?»

«ሞቅ ያለ ነበር» አልኳት።