13 ለፍም፣ 13 ለድስት

ወላይታ ሶዶ ሄዶ ሥጋ ሳይቀምስ የተመለሰ ሰው፣ ሶዶ ሄድኩ ብሎ ባያወራ ይሻለዋል። ሥጋ ሲባል ደግሞ እዚያ መጀመሪያ የሚታሰበው ጥሬው ነው። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ካሉት ሥጋ ቤቶች ወደ አንዱ ገብታችሁ “ጥብስ” ስትሉ፣ አስተናጋጁ “አሟቸው ይሆን?” በሚል ዓይን ገርመም ያደርጋችኋል። ቁርጡ በቢላ፣ ዳጣው በጎን ይቀርባል። ዳጣን ላላወቀ፣ ቃሪያው ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከቅመማ ቅጠሉ ጋር አንድ ላይ ተፈጭቶ የሚሠራ፣ እንባ እያስመጣ “ድገሙኝ” የሚያሰኝ ነገር ነው።

ይሄ ዝና ዝም ብሎ አልመጣም። የወላይታ ገበሬ መሬቱ ጠባብ ነው። ሰንጋውን እንደ ልቡ ይጋጥ ብሎ መስክ ላይ አይለቀውም። አስሮ፣ የስኳር ድንች ሐረጉንም፣ የበቆሎ ቅጠሉንም፣ ከቤት የተረፈውንም እያቀረበ፣ አንዳንዴም በእጁ እያጎረሰ ያደልበዋል። በሬው ብዙ ጊዜ ዓመታት ያረሰ ነው። ጡረታ ሲወጣ ነው እንዲህ የሚቀማጠለው። (ጡረታ ወጥቶ የሚወፍር ፍጡር በአገራችን እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም!)

እናላችሁ፣ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ጥሬው አይደለም፤ ስለ ጎድን ነው። ከጎድን ላይ ለቁርጥ የሚሆነው ይገፈፋል። አጥንቱና አጥንቱን የሙጥኝ ያለው ሥጋ ግን እሳት ይፈልጋል። አሁን አሁን ደግሞ በየከተማው፣ ጓሮ ያለው ሰው በርሜል ለሁለት ያሰነጥቅና፣ ከላይ ፌሮ አስበይዶ “ባርቢኪው” ይላል። አንድ ጊፋታ ሶዶ ወዳጄ ቤት በእንግድነት ስገኝ፣ ይሄው በርሜል ቅርጫ መሀል ገብቶ ጉድ አፈላ።

ቅርጫውን ልንገራችሁ። ጊፋታ በመስከረም የሚከበር የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ወንዶቹ ለሰንጋው፣ ሴቶቹ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ሲቆጥቡ ይከርማሉ። የወዳጄ ማኅበር ስምንት ቤት ነው። በፊት አሥራ አንድ ነበሩ፤ ሦስቱ የሰንጋው ዋጋ አልቀመስ ሲላቸው ወጥተዋል። በሬው ከታረደ በኋላ ቅጠል ይነጠፍና ሥጋው ስምንት መደብ ይደለደላል። ከሻኛውም፣ ከታላቁም፣ ከሽንጡም፣ ከጉበቱም ለየመደቡ እኩል ይደርሳል። ከዚያ እያንዳንዱ አባወራ አንድ ነገር ያወጣል፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ሳንቲም፣ አንዱ ስንጥር። የቱ የማን እንደሆነ ያላየ ልጅ ይጠራና በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ዕጣህ ያረፈበት ያንተ ነው፤ ይግባኝ የለም። በሕይወቴ እንደዚህ ቶሎ የሚፈርድ ችሎት አላየሁም።

ጎድንም እንደዚያው ይካፈላል። በሬ 13 ጥንድ ጎድን አለው፤ 26 አጥንት ማለት ነው። (እኛ 12 ጥንድ ነን፤ በአንድ ይበልጠናል።) ለስምንት ቤት ሦስት ሦስት ደርሶ የሚተርፉትን ሁለቱን መጥረቢያ ይጨርሳቸዋል።

መጥረቢያው ሊነሳ ሲል ነው ከቨርጂኒያ ለበዓል የመጣው የወዳጄ ባለቤት ታናሽ ወንድም “ቆይ! ቆይ! እንዳትቆርጡት!” ብሎ የጮኸው። ጎድኑ ሁለቱም ጎን እንዳለ ይቀመጥለት፤ ባርቢኪው ሊያበላን ነው።

“ሁለቱንም?” አለች እህቱ። በወላይትኛ ጀምረውት ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ዞሩ። “ጎድን እኮ ቅቅል ነው። ለልጆቹ የሦስት ቀን መረቅ ነው። አራሷ ጎረቤታችን ምን ልትጠጣ ነው? እናንተ ጓሮ ቁጭ ብላችሁ በአንድ ከሰዓት ልትጨርሱት?”

“አሜሪካ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው።”

“አሜሪካ ቅርጫ የለማ! ደግሞስ መጽሐፉ ሴት የተሠራችው ከጎን አጥንት ነው አይደል የሚለው? ስለ ጎድን መጠየቅ ያለብን እኛ ነን። አይደለም እንዴ፣ ጋሼ?”

ጋሼ የተባልኩት እኔ ነኝ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ግጭት የሌለው ታሪክ አይነበብም እል ነበር። እዚያ ግቢ ያለው ግጭት ለአንድ ልብ ወለድ ይበቃል። የወንድምየው ፍላጎት ክፋት የለበትም፤ ሊያበላን ነው የፈለገው። ግን ሒሳቡን ተመልከቱት። አንድ ጎን፣ 13ቱም አጥንት እንደ ሳንቃ ተያይዞ አንድ ሰው ጓሮ እንዲጋደም፣ ሌሎቹ ቤቶች ከዚያ ጎን ምንም እንዳይደርሳቸው የግድ ነው። ቅርጫ የሚባለው ነገር የተፈጠረው ደግሞ ይሄ እንዳይሆን ነው።

የሚገርመው፣ አሜሪካም ቢሆን ነገሩ የጀመረው በግል ጓሮ አይደለም። ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1769 አሌክሳንድሪያ ከተማ ባርቢኪው ሄዶ እዚያው እንዳደረ በማስታወሻው ጽፏል። ያቺ ከተማ እዚያው ቨርጂኒያ ናት። ያኔ ባርቢኪው ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ እንስሳው እንዳለ ተጠብሶ፣ አገር ምድሩ የሚጠራበት ድግስ ነበር። በደቡቡ ክፍል ሌሊቱን ጉድጓዱ ዳር አድረው ሲጠብሱ የነበሩት በአብዛኛው በባርነት የተያዙ ጥቁሮች መሆናቸውም አይረሳም። ዛሬ በየጓሮው የምናየው ክዳን ያለው ድብልብል ምድጃ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ጆርጅ ስቲቨን የሚባል የቺካጎ ብረታ ብረት ሠራተኛ፣ ለመርከብ ምልክት የሚሆነውን የብረት ድብልብል ለሁለት ከፍሎ ሠራው። እኛም በርሜል ለሁለት እየሰነጠቅን ነው። ልዩነቱ፣ እነሱ ከአገር ድግስ ወደ ቤተሰብ ጓሮ ለመድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀባቸው፤ እኛ በአንድ የአውሮፕላን ትኬት ልንደርስ ነው።

ክርክሩን የፈቱት አንድ ጡረተኛ መምህር ናቸው። “ቀኙ ጎን ለድስት፣ ግራው ለፍም” አሉ፤ አለቀ። በቀኙ 13 አጥንት ስምንቱ ቤት አንድ አንድ ደረሰው፤ አምስት ተረፈ። የአምስቱን ነገር የጨረሱት ሴቶቹ ናቸው። ከማኅበሩ ለወጡት ሦስት ቤቶች አንድ አንድ፣ ለአራሷ ሁለት። መጥረቢያ አላስፈለገም።

የግራው ነገር ደግሞ ትዕግሥት ነው። እኛ ጥብስ ስንል ደማቅ እሳት ለምደናል። ያረሰ በሬ ጎድን ግን በእሳት ሲያስቸኩሉት ይኮሳተራል። ወንድምየው ሙያ አለው፤ አልዋሽም። ከውስጥ በኩል ያለውን ስስ ሽፋን ገፈፈ፤ ጨው ነሰነሰ። ከሰሉ አመድ ሲለብስ ወደ በርሜሉ አንድ ጫፍ ሰብስቦ ጎድኑን በሌላው ጫፍ አጋደመው። ስቡ ፍም ላይ ከተንጠባጠበ ነበልባል ይነሳና ላዩ ያርራል፤ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። በቆርቆሮ ከደነውና አራት ሰዓት ያህል ጠበቅን። አጥንትና ሥጋን የሚያያይዘው ጅማት የሚሟሟው በለዘብተኛ ሙቀት ቀስ እያለ ነውና። ዳጣውን የቀባነው ማለቂያው ላይ ነው፤ ቀድሞ ከተቀባ ነጭ ሽንኩርቱ አርሮ ይመራል። ሥጋው ከአጥንቱ ጫፍ ሸሸት ሲል ደረሰ ተባለ።

በዚያ አራት ሰዓት ውስጥ ነው እንግዲህ ነገር የመጣው። ጭስ አጥር አያውቅም። መጀመሪያ ልጆቹ መጡ፤ ቀጥሎ እናቶቻቸው። ከማኅበሩ የወጡት የአንዱ ቤት አባወራም ኮቱን ደርቦ “እንዴት ዋላችሁ” ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ማንም ለምን መጣህ፣ ድርሻህስ የታለ አላለውም፤ በርጩማ ቀረበለት። ትንሽ ቆይቶ ሰዎቹ ለሚቀጥለው ጊፋታ የወር መዋጮውን ዝቅ አድርገው ማኅበሩን ወደ አሥራ አንድ ስለመመለስ ያወሩ ጀመር። መደቡ ያንሳል፤ ሰው ግን ይበዛል። ተስማሙ አልልም። ጎድኑ እስኪበስል ግን ሌላ ወሬ አልነበረም።

እናንተ ጓሮ በርሜል ያላችሁ ሰዎች፣ ጥበሱ፤ ማን ከለከላችሁ? በርሜሉ ግን ቀለም የነበረበት ከሆነ ለምግብ አትጠቀሙበት፤ ዘይት የነበረበት ከሆነ መጀመሪያ ባዶውን አንድዳችሁ በደንብ አቃጥሉት። ከዚያ ደግሞ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ቀና ብላችሁ እዩ። የሄደበት ቤት ዘንድሮ ቅርጫ ያልገባ ከሆነ፣ ጭሱ ብቻውን እንዳይሄድ አንድ ሰሃን አስከትሉት።